ቅመም የገባበትን ሻይ ስለ መቅመስ

በአገራችን ሻይ ብዙ ጊዜ የሚፈላው ከቀረፋ፣ ከቅርንፉድና ከሄል ጋራ ነው። እንግዳ የቀረበለትን ብርጭቆ አንሥቶ ገና ሳይጠጣ «እንዴት ያለ ጥሩ ሻይ ነው!» ይላል። ነገር ግን ምስጋናው የሚገባው ለማን ነው? ለቅጠሉ ነውን ወይስ ለቅመሙ? በዚህች አጭር ጽሑፍ ኹለቱን ለይቶ የመቅመስን መንገድ ለማስረዳት እንሞክራለን።

በመጀመሪያ የምላስንና የአፍንጫን ሥራ መለየት ያስፈልጋል። ጣፋጩን፣ መራራውንና ኮምጣጣውን የሚያውቅ ምላስ ነው። የቅመም መዓዛ ግን ከአፍ በጉሮሮ በኩል ወደ አፍንጫ ወጥቶ በዚያ ይታወቃል። ይኽን ለመረዳት አፍንጫን በጣት ይዞ አንድ ጊዜ መጎንጨት ይበቃል፤ መዓዛው ይጠፋል፤ የስኳሩ ጣፋጭነትና የሻዩ ምሬት ግን ይቀራሉ። አፍንጫው ሲለቀቅ ቅመሙ ወዲያው ይመለሳል።

ጥቁር ሻይ የሚዘጋጀው ቅጠሉ ጠውልጎና ታሽቶ፣ ከአየር ጋራ ተገናኝቶ ከጠቆረ በኋላ፣ በሙቀት እንዲደርቅ በማድረግ ነው። ቅጠሉ ሲጠቁር ካቴኪን የተባሉት ንጥረ ነገሮች በኦክሲጅን ምክንያት ወደ ቴአፍላቪንና ወደ ቴአሩቢጂን ይለወጣሉ። የሻዩ ቅላትና አፍን ጨምደድ የማድረግ ጠባዩ በአብዛኛው ከእነዚህ የመጣ ነው። ጨምደድ ማድረጉም በምራቅ ውስጥ ካሉት ፕሮቲኖች ጋራ ስለሚጣበቁ የሚሰማ ስሜት ነው። እንግዲህ ደካማ ቅጠል በብዙ ቅርንፉድ ቢፈላ ለአፍንጫ ብርቱ መስሎ ይታያል፤ በአፍ ውስጥ ግን ውሃ ውሃ ይላል።

ለሙከራው ሦስት ብርጭቆ ይዘጋጅ፤ በአንደኛው ሻይ ብቻ፣ በኹለተኛው ቅመም ብቻ፣ በሦስተኛው ኹለቱ በአንድነት ይኹኑ። ስኳር አይግባ። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980 ባወጣው ደንብ ለ100 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ 2 ግራም ሻይ ገብቶ 6 ደቂቃ ይቆያል። በአዲስ አበባ ከፍታ ግን ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለ ኾነ፣ ሦስቱንም ብርጭቆ በእኩል ሰዓት ማቆየት ይገባል፤ ያለዚያ ንጽጽሩ ይበላሻል። በጣም ትኩስ ሻይ ምላስን ስለሚያደነዝዝ ለብ እስኪል መጠበቅ መልካም ነው። ሻይ መቅመስ ሙያቸው የኾነ ሰዎች ድምፅ እያሰሙ ይስባሉ። ይኽ በማዕድ ላይ ነውር ቢኾንም ምክንያት አለው፤ ከሻዩ ጋራ የሚገባው አየር መዓዛውን ወደ አፍንጫ ያደርሰዋል።

ከዚህ በኋላ ሦስተኛው ብርጭቆ ከፊተኞቹ ኹለት ምን እንደ ወሰደ ይታወቃል። ጥሩ ሻይ ቅመም ሲገባበት ምሬቱና ጨምደድ ማድረጉ ከመዓዛው በታች ጸንተው ይገኛሉ። ሦስተኛው ብርጭቆ ከኹለተኛው እምብዛም ካልተለየ ግን የተጠጣው ሻይ ሳይኾን የቅመም ውሃ ነው።

ይኽን ስንል ቅመምን መንቀፋችን አይደለም። በጉማሮና በውሽውሽ እርሻዎች የሚለቀመው ቅጠል የእኛው ነው። ለቃሚው ለጋውን ቅጠል ከነእምቡጡ መርጦ መቅጠፉ የሚታወቀው በጠጪው አፍ ነው። ጠጪው ቅመሙን ብቻ የሚያመሰግን ከኾነ ግን ጥሩውንና ያረጀውን ቅጠል በአንድ ዋጋ ይገዛል፤ የለቃሚው ድካምም ሳይታወቅ ይቀራል።