መሃሉን ከዳር መያዝ

ቼዝ የሚማር ሰው ገና በመጀመሪያው ቀን አንድ ምክር ይሰማል፤ «ወታደርህን ወደ መሃል ግፋ» ይሉታል። ከ64ቱ ቤቶች እምብርት ላይ ያሉትን አራቱን የያዘ ሠራዊቱን ወደ ፈለገው ወገን ያዞራልና ምክሩ ደግ ነው። የክንፍ አጀማመር የሚባለውም የሚፈልገው ይህንኑ መሃል ነው፤ ግን ወታደር አያቆምበትም፣ ከዳር ሆኖ ያነጣጥርበታል እንጂ።

ይህን አጨዋወት ለመተዋወቅ እ.ኤ.አ. በማርች 1924 ኒው ዮርክ ላይ በተካሄደ ውድድር ሪቻርድ ሬቲ እና ሆሴ ራውል ካፓብላንካ ካደረጉት ግጥሚያ የተሻለ መግቢያ አላውቅም። ኩባዊው ካፓብላንካ የዓለም ሻምፒዮን ነበር፤ 8 ዓመት በውድድር ያሸነፈው ሰው አልነበረም። ሬቲ ዛሬ በስሎቫኪያ በምትገኘው ፔዚኖክ የተወለደ የ34 ዓመት ሰው ነበር።

ነጭ የያዘው ሬቲ መጀመሪያ ያስነሣው ፈረሱን ነው። ቀጥሎ በንግሥቲቱ ወገን ሁለት ወታደሮች ወደፊት ወጡ፤ ከኋላቸው በተከፈተው ቦታ ጳጳሱ ገባ። ሌላው ጳጳስ በንጉሡ ወገን እንዲሁ ጥጉ አጠገብ ተቀመጠ። ሁለቱ የቆሙባቸው ረጃጅም ሰያፍ መሥመሮች አራቱንም የመሃል ቤቶች ያልፉባቸዋል። የአጀማመሩ ምሥጢር ሁሉ እዚህ ላይ ነው፦ ከሩቅ የቆመ ጳጳስ በቀላሉ አይነካም፣ መሃል የቆመ ወታደር ግን ጠባቂ ይሻል፤ ወታደር ደግሞ ወደ ኋላ አይመለስም።

ካፓብላንካ በ9ኛው እርምጃ ወታደሩን መሃል አቆመ። ሬቲ አልቸኮለም። ፈረሶቹንና ግንቦቹን እያደላደለ ቆይቶ፣ በ16ኛው እርምጃ ብቻ የራሱን ወታደር ወደ መሃል ገፋ። እኔን ዘወትር የሚያስደንቀኝ ይህ ትዕግሥት ነው። መሥመሮቹ በአንድ ጊዜ ተከፈቱ። ካፓብላንካ በንግሥቱ አንድ ወታደር በላ፤ ሬቲ ግን የጥቁሩን ንጉሥ የሚጠብቀውን ጳጳስ ከራሱ ጋር አለዋውጦ፣ በግንቡ የተበላበትን መለሰ። ከዚያ በኋላ የጥቁር ንግሥት ከቤት ቤት ስትሳደድ ዋለች። በ31ኛው እርምጃ ግንቡ ፊቷ ሲቆም ካፓብላንካ እጅ ሰጠ።

ውድድሩን ያሸነፈው ኢማኑኤል ላስከር ነው፤ ካፓብላንካ ሁለተኛ፣ ሬቲ አምስተኛ ወጡ። በዚያው ውድድር ሬቲ ፈረሱን አስቀድሞ፣ ጳጳሳቱን በሁለቱ ጥጎች አስቀምጦ ሌላውን ተወዳዳሪ ቦጎልዩቦቭን በ25 እርምጃ ረታ፤ የአንደኛነቱን የውበት ሽልማትም ያገኘው በዚህኛው ጨዋታ ነው።