መወጣጫው ዋጋ ይውጣለት

በሕዝብ መዋጮ የሚሠራ ሕንፃ ላይ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ መሆን ከሌላው ሳይት ይከብዳል። የሚያከብደው ይሉኝታው ነው። ሥራ ተቋራጩ የአካባቢው ልጅ ነው፤ ከዋጋው ቀንሶ ነው የገባው። ኮሚቴው ደግሞ እናቶች ከመቀነታቸው ፈትተው የሰጡት ገንዘብ እንዳይባክን ሌት ተቀን ይጨነቃል። እንዲህ ባለ ቦታ «ይሄ መወጣጫ ፈርሶ እንደገና ይታሰር» የሚል ሰው ሥራ አደናቃፊ ይባላል።

መወጣጫውን ግን ቀርባችሁ እዩት። ካለፈው ሳይት የመጣ የባሕር ዛፍ አጣና ነው፤ ምስማር በዝቶበት ጫፉ ተሰንጥቋል። እግሩ ያረፈው ትናንት በተሞላ አፈር ላይ ነው፤ ከሥሩ ጣውላ አልተነጠፈለትም። ሰያፍ ማጠንከሪያው ለባሬላ መተላለፊያ ሲባል ተነቅሏል። ከላይ ግንበኞቹ፣ የብሎኬት ክምርና አንድ በርሜል ውሃ አሉ። ሳይት የሚጎበኝ ሰው ሄልሜት የለም ብሎ ይቆጣል። መቆጣቱ ልክ ነው፤ እኔን ግን ከሁሉ በፊት የሚያስፈራኝ ያ የተነቀለ እንጨት ነው።

ፎርማኑን ብትጠይቁት «ኢንጂነር፣ ዋጋ ያልተያዘለትን አጣና ከየት ላምጣ?» ይላችኋል። እውነቱን ነው። በሥራ ዝርዝሩ ላይ አርማታው በሜትር ኩብ፣ ፌሮው በኪሎ፣ ልስኑ በካሬ ይጻፋል፤ መወጣጫው በነጠላ ዋጋው ውስጥ ተካቷል ተብሎ ይታለፋል። በትንሽ ዋጋ የገባ ተቋራጭ መቆጠብ ሲጀምር እጁ ቀድሞ የሚሄደው እዚያ ነው። ስለዚህ መወጣጫው፣ አጥሩና የደኅንነት ዕቃው በዝርዝሩ ላይ የራሳቸው መስመር ይኑራቸው፤ ተፈትሾ ያልተፈረመበት አይከፈል። ሥራ የማስቆም ሥልጣን ያለው አንድ ሰውም በውሉ ላይ በስሙ ይጠቀስ። ሠራተኞቹ የቀን ናቸው ማለት ማምለጫ አይሆንም፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ የጣለው በአሠሪው ላይ ነው።

የሕዝብ ሕንፃ ሌላም አደጋ አለው፤ ሳያልቅ ይጎበኛል። ያዋጣ ሰው የራሱን ቤት እንደሚያይ ሆኖ ይገባል፣ ማንም አይከለክለውም። መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በምንጃር ሸንኮራ፣ አረርቲ ማርያም፣ በመሠራት ላይ በነበረው ቤተ ክርስቲያን የእንጨቱ መወጣጫ ተደርምሶ ከ30 በላይ ሰዎች አልቀዋል። ለማርያም በዓል የመጡ ምእመናን ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ለማማክራቸው ኮሚቴዎች ሁሉ የምነግራቸው ይህንኑ ነው፦ በበዓል ቀን ሳይቱ ይዘጋ፣ ቁልፉም በዘበኛ እጅ ይሁን።

ኮሚቴ ውስጥ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ቀጣዩን ውል ከመፈረማችሁ በፊት የመወጣጫውን መስመር ፈልጉ። ከሌለ አትፈርሙ።