ካርታው የማያሳየው ቁልቁለት

ከኩታበር ወደ ደሴ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቦሩ ሜዳን አቋርጦ የሚያልፈው ይህ መንገድ ገበያተኛ፣ ሕመምተኛና ተማሪ የሚመላለስበት ሲሆን፣ ከእነዚህ መካከል ቤት ሊገዛ የሚሄድ አባወራም አይጠፋም። አንዱ ልጆቹ ለወሎ ዩኒቨርሲቲ የደረሱለት ነው፤ ሌላው የእርሻ መሬቱ ለልጆቹ ሁሉ የማይበቃው ነው፤ ሌላው ደግሞ ልጁ ጅዳ ወይም ቤሩት ሰው ቤት እየሠራች ያጠራቀመችውን ገንዘብ በአደራ የተቀበለ ነው። ይህ ገንዘብ በአብዛኛው አንድ ጊዜ ብቻ የሚገኝ ገንዘብ ነው። ስለዚህ በምን ዓይነት ሰፈር ላይ እንደሚውል መመርመር የቤተ ሰብ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን፣ በእኛ አስተያየት፣ የሣይንስም ጉዳይ ነው።

ቤት ገዢ ለደላላው የሚያቀርባቸው ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። ካርታ አለው ወይ? የቧንቧ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? መኪና በር ድረስ ይገባል? ትምህርት ቤቱ፣ መስጊዱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ነው? ጎረቤቱስ እንዴት ያለ ሰው ነው? ጥያቄዎቹ ሁሉ ተገቢ ናቸው። ይሁን እንጂ የቤቱ ካርታ የሚያሳየው በአብዛኛው የቦታውን ስፋት፣ ቅርጽና አዋሳኝ ነው። መሬቱ ስንት ዲግሪ እንደሚያዘነብል፣ ከበላይ የሚመጣው ውሃ በየት እንደሚያልፍ፣ ከመሠረቱ ሥር ያለው ዐለት ይሁን ዋልካ ወይም የተደፋ አፈር በካርታው ላይ አይገኝም። በ1967 ዓ.ም. ከወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ወዲህ የከተማ መሬት የመንግሥት ስለሆነ፣ ገዢው በገንዘቡ የሚያገኘው ቤቱንና የይዞታ መብቱን ነው። መሬቱ ሲንሸራተት ግን ይዞት የሚሄደው የገዢውን ቤት ነው።

የደሴ አቀማመጥ

እንደሚተረከው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በዚህ ሥፍራ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ አይተው ደስ ስለተሰኙ ቦታውን ደሴ አሉት። ትረካው እውነት ከሆነ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ላይ ሲመለከቱ ነበር ማለት ነው። እኛ ደግሞ አንባብያን ለጥቂት ጊዜ ወደ ታች እንዲመለከቱ እንጋብዛለን።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በምዕራብ የጦሳ ተራራ በምሥራቅ የአዝዋ ገደል ሸንተረር በሚያዋስኗት ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ተቀምጣለች። ይህ ሸለቆ ወንዝ ብቻ የቆፈረው አይደለም። የአፋር ዝቅተኛ ምድር ከኢትዮጵያ ደጋ እየተለየ ሲሰምጥ በጠርዙ ላይ ከፈጠራቸው ስንጥቆች አንዱ ነው። ከሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰው የእሳተ ገሞራ ዐለት ተሰባብሮና በስብሶ ከተራሮቹ ግርጌ ተከማችቷል፤ ከከተማይቱም ብዙው ክፍል የቆመው በዚህ የድንጋይና የሸክላ አፈር ክምችት ላይ ነው። ቦርከና በከተማይቱ መካከል አፈሩን እየሸረሸረ አልፎ፣ በዶሮ መዝለያ ገደል ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። በደሴና በዙሪያዋ የመሬት መንሸራተት በተለያዩ ዓመታት ቤቶችንና መንገዶችን ስለጎዳ፣ አካባቢው የሀገር ውስጥም የውጭም የሥነ ምድር ተመራማሪዎች በተደጋጋሚ ያጠኑት ነው።

ታዲያ ያ ሁሉ ቤት ለምን አይወድቅም? አብዛኛውን ቀን የሚወድቅበት ምክንያት ስለሌለ ነው። ጥያቄው ያለው በተቀሩት ጥቂት ቀናት ላይ ነው።

አንድ መጽሐፍ በሳንቃ ላይ አስቀምጠን የሳንቃውን አንድ ጫፍ ቀስ በቀስ ከፍ እናድርግ። መጽሐፉ ለጥቂት ጊዜ ባለበት ይቆያል፤ ከአንድ የተወሰነ ማዕዘን በኋላ ግን በድንገት ይንሸራተታል። ወደ ታች የሚጎትተው የስበት ኃይል ከፊል ነው፤ የሚይዘው ደግሞ ሰበቃ ነው። የተዳፋት አፈርም ሕግ ከዚህ አይለይም። የሚይዘውን ኃይል ለሚጎትተው ስናካፍል የምናገኘውን ቁጥር መሐንዲሶች የደኅንነት መጠን ይሉታል። ከ1 በላይ ከሆነ መሬቱ ይቆማል፤ ከ1 በታች ከሆነ ይሄዳል።

አሁን አንድ ምሳሌ እንሥራ። አሸዋና ጠጠር የተቀላቀለበት አፈር የሰበቃ ማዕዘኑ 30 ዲግሪ ነው እንበል፤ የዚህ ማዕዘን ታንጀንት 0.58 ነው። ቦታው በአግድም 100 ሜትር ስንሄድ 30 ሜትር ከፍ የሚል ይሁን፤ የተዳፋቱ ታንጀንት 0.30 ይሆናል። አፈሩ ደረቅ ሲሆን የደኅንነት መጠኑ 0.58 ሲካፈል ለ0.30፣ ማለትም 1.9 ገደማ ነው። ይህ መልካም ቁጥር ነው፤ በጥር ወር ቤቱን የጎበኘ ሰው ያየው መሬት ይህ ነው።

ነሐሴ ሲደርስ ውሃው የአፈሩን ቀዳዳዎች ሁሉ ሞልቶ እስከ ላይ ደረሰ እንበል። በውሃ የተሞላ አፈር አንድ ሜትር ኩብ ሁለት ቶን ያህል ይመዝናል፤ በውስጡ ያለው የውሃ ግፊት ደግሞ ከዚህ ክብደት ግማሽ ያህሉን ይሸከማል። የአፈሩ ቅንጣቶች እርስ በርስ የሚጫኑበት ኃይል በግማሽ ስለሚቀንስ ሰበቃውም በግማሽ ይቀንሳል። ቁልቁል የሚጎትተው ኃይል ግን አይቀንስም፤ ምክንያቱም ስበት አፈሩንም ውሃውንም አንድ ላይ ይጎትታል። የደኅንነት መጠኑ 1.9 የነበረው 0.96 ይሆናል፤ ከ1 በታች ወረደ ማለት ነው። በዚህ ስሌት የሸክላ አፈርን መጣበቅና የዛፍ ሥርን ድጋፍ አላስገባንም፤ በእውነተኛው ተዳፋት ላይ ብዙ ቤት አቁሞ የሚያቆየውም ይኸው ነው። ነገር ግን ተዳፋቱን ለቤት መሥሪያ በዶማ ስንቆርጠው፣ ዛፉንም ስንነቅለው፣ ያንኑ ድጋፍ እየቀነስን ነው።

ውሃ «አፈሩን ስለሚያሟልጨው» መሬት ይንሸራተታል የሚለው የተለመደ አነጋገር ለዚህ ነው ትክክል የማይሆነው። ውሃ ቅባት አይደለም፤ አፈሩን ከውስጥ ወደ ላይ የሚገፋ ኃይል ነው። ልዩነቱ ለቤት ገዢ ትርጉም አለው፤ ምክንያቱም ላዩ የደረቀ የመሰለ መሬት ከውስጥ በግፊት ሊሞላ ይችላል፤ ዝናቡ ካባራ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላም ሊሄድ ይችላል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ከከባድ ዝናብ በኋላ የተንሸራተተው መሬት ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩ ጎረቤቶቻቸውን ለማውጣት የተሰበሰቡ ሲሆኑ፣ ሁለተኛው ናዳ በላያቸው መጣ። አንድ ጊዜ የተንሸራተተ ተዳፋት ጨርሶ አርፏል ማለት አይደለም።

የላይኛው ጎረቤት

በተዳፋት ሰፈር ጎረቤት ሲመረጥ ጠባዩ ብቻ ሳይሆን የጣራው ውሃ ማፍሰሻም መታየት አለበት ብንል ቀልድ ሊመስል ይችላል፤ ቁጥሩን ግን እንመልከት። 100 ካሬ ሜትር በሆነ ጣራ ላይ በአንድ ቀን 40 ሚሊሜትር ዝናብ ቢዘንብ 4,000 ሊትር ይሆናል፤ ይህም ሃያ በርሜል ነው። ከበላያችን አሥር ቤቶች ቢኖሩና ሁሉም ውሃቸውን በግቢያቸው አፈር ላይ ቢለቁ ሁለት መቶ በርሜል ወደ እኛ መሠረት ይጓዛል። በዚህ ላይ የመጸዳጃ ጉድጓዱን ፍሳሽ መጨመር ነው። በሲሚንቶ የተሠራ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ያለው ሰፈር ቦይ ከሌለው ሰፈር የሚበልጠው በንጽሕና ብቻ አይደለም።

የድጋፍ ግንብ ያለው ግቢ ደግሞ ገዢን ያስደስታል። ግንቡ ሲታይ በመጀመሪያ የሚፈለገው ውፍረቱ ሳይሆን ቀዳዳው ነው። ከበስተኋላው ውሃ ማስወጫ የሌለው 3 ሜትር ከፍታ ያለው ግንብ፣ ውሃው እስከ አናቱ ቢሞላ፣ በእያንዳንዱ አንድ ሜትር ርዝመት ላይ 4 ተኩል ቶን ያህል ግፊት ያርፍበታል፤ 45 ኩንታል ማለት ነው። አሥር ሜትር ለሆነ ግንብ አሥር እጥፍ ይሆናል። በግንቡ ግርጌ የተተዉት ቀዳዳዎች ይህን ሁሉ ያስቀራሉ፤ ዋጋቸውም ከምንም አይቆጠርም። ብዙ ባለ ቤቶች ግን ጭቃ ስለሚተፋባቸው በሲሚንቶ ይደፍኗቸዋል!

ሌላው የተለመደ ነገር ቦታውን ከላይ ቆርጦ የወጣውን አፈር ከታች በኩል መደልደል ነው። ቤቱ ግማሹ በነባር መሬት፣ ግማሹ በተደፋ አፈር ላይ ይቆማል። የተደፋው በጊዜ ብዛት ይሰጥማል፤ ነባሩ አይሰጥም፤ ግድግዳው ከመካከል ይሰነጠቃል።

ወደ ኮምቦልቻ እንውረድን?

ይህን ያነበበ ሰው «እንግዲያውስ ሜዳው ላይ ልግዛ» ቢል አይፈረድበትም። ኮምቦልቻ ከደሴ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት፣ ከ1,800 እስከ 1,900 ሜትር በሆነ ከፍታ ላይ ትገኛለች። አየር በእያንዳንዱ ሺህ ሜትር ከፍታ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ ኮምቦልቻ ከደሴ በ4 ዲግሪ ገደማ ትሞቃለች። ለአረጋውያን እናትና አባት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በአንጻሩ ከ2,000 ሜትር በታች ስለሆነች የወባ ነገር መታሰብ አለበት፤ በቦርከና ዳር ያለ ቦታም የጎርፍ ነገር አለበት። በሜዳ ላይ ዋልካ አፈር ካለ ደግሞ በክረምት አብጦ በበጋ ስለሚሰነጠቅ፣ መሠረቱ ጥልቅ ያልሆነን ቤት ከታች እያነሣ ይጥለዋል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሰፋ አድርገን ልናየው የሚገባን የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። ከደሴም ከኮምቦልቻም ሥር ያለው ስንጥቅ የሞተ አይደለም። በግንቦት ወር መጨረሻ 1953 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ በስተደቡብ በካራ ቆሬ አካባቢ መጠኑ ከ6 በላይ የሆነ መንቀጥቀጥ ደርሶ የማጀቴ ከተማ ፈርሳለች፤ በካራ ቆሬም ብዙ ቤት ወድቋል። በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪን የመሩት ፒየር ጉዌን እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት የኢትዮጵያ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ውስጥ መዝግበውታል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌና በዶፋን አካባቢ ለወራት የቀጠለው መንቀጥቀጥ የካቲት 7 ቀን መጠኑ 6 ገደማ ደርሶ እስከ አዲስ አበባ ተሰምቷል።

ለስላሳ አፈር ንዝረትን ያጎላል። አፈሩ አንድ ጊዜ ወዲህና ወዲያ ለመወዛወዝ የሚፈጅበትን ጊዜ ለመገመት የአፈሩን ውፍረት በ4 አባዝቶ ንዝረቱ በአፈሩ ውስጥ ለሚጓዝበት ፍጥነት ማካፈል ነው። ለምሳሌ 30 ሜትር ውፍረት ባለው፣ ንዝረትም በሴኮንድ 200 ሜትር በሚጓዝበት አፈር ውጤቱ 0.6 ሴኮንድ ይሆናል። ሕንፃም የራሱ ጊዜ አለው፤ በግምት ለአንድ ፎቅ 0.1 ሴኮንድ። ስለዚህ በዚህ አፈር ላይ ባለ ስድስት ፎቁ ከመሬቱ ጋር አብሮ ይወዛወዛል፤ ዥዋዥዌን በጊዜው እየገፉ ከፍ እንደማድረግ ነው፤ ሬዞናንስ የሚባለው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ሜክሲኮ ሲቲ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በተነሣ መንቀጥቀጥ የተጎዳችው በጥንት ሐይቅ ጭቃ ላይ ስለተሠራች ነው፤ ክፉኛ የወደቁትም መካከለኛ ቁመት ያላቸው ሕንፃዎች ነበሩ።

አንድ ፎቅ ያለው የቤተ ሰብ ቤት በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው። አደጋው ክብደት ነው። ኃይል የክብደትና የፍጥነት ለውጥ ብዜት ስለሆነ፣ በጭቃ የተያያዘ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ከሁሉ የከፋ ነው፤ በእንጨት ማገር የተያያዘና ቆርቆሮ የለበሰ የጭቃ ቤት፣ እንጨቱ በምስጥ ካልተበላ፣ ብዙዎች ከሚንቁት በላይ ይታገሣል። የብሎኬት ቤት ከሆነ ግን ማዕዘኖቹን የሚያያይዝ የብረትና የኮንክሪት ቀበቶ ከመስኮቱ በላይ መኖሩን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ልስኑ ስለሚሸፍነው ለሠራው ግንበኛ እንጂ ለደላላው የሚቀርብ ጥያቄ አይደለም።

እንዴት ይታያል?

ዩኒቨርሲቲ ወይም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለ ልጅ አባቱን አጅቦ ሲሄድ ፕሮትራክተርና ቱምቢ ይዞ ቢሄድ የተዳፋቱን ማዕዘን በአምስት ደቂቃ ይለካዋል። ከ15 ዲግሪ በላይ ከሆነ ባለሙያ ሳያዩ መግዛት አይገባም ብለን እናምናለን። የባሕር ዛፎቹን ግንድ ይመልከት፤ ከሥራቸው ወደ ቁልቁለቱ አጋድለው ከላይ የተቃኑ ከሆኑ መሬቱ በዝግታ እየሄደ ነው። የመብራት ምሰሶዎቹ፣ የአጥሩ መስመር፣ የማይገጥም በር፣ በደረጃ ቅርጽ የወረደ የግድግዳ ስንጥቅ፣ በበጋ እንኳ የማይደርቅ እርጥበት ሁሉ ይናገራሉ። በጥር የተቀባ አዲስ ቀለምም ይናገራል። የሰፈሩን ነባር ስም ሽማግሌዎችን መጠየቅ ደግሞ ምንም ወጪ የለውም፤ ገደል፣ ምንጭ ወይም ረግረግ የሚል ስም ያለ ምክንያት አልወጣም።

የሚቻል ከሆነ ግን ቤቱን ወይም በአጠገቡ ያለውን ከሰኔ እስከ መስከረም ተከራይቶ መቆየት ይሻላል። በስንጥቁ ላይ ጣት የምታህል ቀጭን መስታወት በሁለቱም ጫፍ በሲሚንቶ ማጣበቅና ቀኑን በአጠገቧ መጻፍ ነው። መስታወት ስለማይለጠጥ ስንጥቁ በጥቂቱ እንኳ ቢሰፋ ይሰበራል። የአራት ወር ኪራይ ከቤቱ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ መስከረም ላይ መስታወቱ ሳይሰበር ከተገኘ ስለ ዋጋው መነጋገር ይቻላል፤ ከተሰበረም ሻጩ ራሱ መጥቶ እንዲያየው መጥራት ነው።