ማፍረስና መመለስ፦ የሰርቨር አስተዳደር ለጀማሪዎች



የሰርቨር አስተዳደርን መማር የሚሹ ተማሪዎች አዘውትረው የሚጠይቁኝ «ስንት ትእዛዝ ላጥና?» ብለው ነው። ጥያቄው ቅን ነው፤ ነገር ግን ሙያውን የቃል ጥናት ያደርገዋል። በእኔ አመለካከት ጀማሪው ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው «የፈረሰውን መልሼ ማቆም እችላለሁን?» ብሎ ነው።

ሰርቨር ለሌሎች ኮምፒውተሮች አገልግሎት የሚሰጥ ኮምፒውተር ነው። ከግል ኮምፒውተር በዋነኛነት የሚለየው በተሸከመው አደራ ነው። የአንድ ዩኒቨርሲቲ የሬጅስትራር ሰርቨር ቢጠፋ የሚጠፋው የባለሙያው ፋይል ሳይሆን የተማሪዎች የዓመታት ውጤት ነው።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 በጊትላብ የደረሰውን እንመልከት። ጊትላብ የሶፍትዌር ባለሙያዎች የፕሮግራም ሥራቸውን የሚያኖሩበት አገልግሎት ነው። አንድ መሐንዲስ በሁለተኛው ሰርቨር ላይ የሚሠራ መስሎት የዋናውን ሰርቨር የመረጃ ቋት ሰረዘ። ወዲያው ቢያቆመውም ከ300 ጊጋባይት ገደማ የተረፈው 4.5 ብቻ ነበር። መጠባበቂያ ቅጂ እንዲያዘጋጅ የተመደበው ፕሮግራም ደግሞ ስሪቱ ከመረጃ ቋቱ ስሪት ጋር ባለመጣጣሙ ሲከሽፍ ቆይቷል፤ መክሸፉን የሚያስታውቀው ኢሜይልም ለባለሙያዎቹ አልደረሰም። አገልግሎቱን ያዳነው ከ6 ሰዓት ገደማ በፊት ለሌላ ዓላማ በእጅ የተወሰደ ቅጂ ነው። በመካከሉ የተመዘገበው መረጃ ግን አልተመለሰም። ድርጅቱ የሆነውን ሁሉ ሳይሸሽግ በይፋ ስለጻፈው ዛሬ ልንማርበት ችለናል።

እነዚያ ባለሙያዎች ትእዛዝ አላነሳቸውም። የጎደለው ቅጂው በእርግጥ እንደሚመለስ አስቀድሞ መፈተን ነበር። ተመልሶ ያልተፈተነ መጠባበቂያ ተስፋ እንጂ መጠባበቂያ አይደለም።

ስለዚህ ለጀማሪ የምመክረው ልምምድ ይህ ነው። በላፕቶፓችሁ ላይ በቨርቹዋልቦክስ አንድ ቨርቹዋል ማሽን ፍጠሩ፤ ደቢያንን ያለ ዴስክቶፕ ጫኑበት፤ 2 ጊጋባይት ሜሞሪ ይበቃዋል። አንድ ድረ ገጽና አንድ የመረጃ ቋት አቁሙ፤ ያደረጋችሁትን እያንዳንዱን እርምጃ በደብተር መዝግቡ። የመረጃውን ቅጂ ወደ ሌላ ዲስክ አውጡ። ከዚያ ማሽኑን ሙሉ በሙሉ ሰርዙትና ከደብተራችሁና ከቅጂው ብቻ መልሳችሁ አቁሙት፤ የፈጀባችሁንም ጊዜ በሰዓት ለኩ።

በመጀመሪያው ሙከራ አገልግሎቱ ላይነሳ ይችላል። የማዋቀሪያ ፋይሎቹ አልተቀዱ፣ የፋይሎቹ ባለቤትነትና ፈቃድ ተለውጦ፣ ወይም የመረጃ ቋቱ የይለፍ ቃል ተረስቶ ይሆናል። ያን ጊዜ ትእዛዝ በግምት አትደርድሩ፤ ሲስተሙ የሚጽፈውን የክንውን መዝገብ አንብቡ። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ እዚያው ተጽፎ ይገኛል። ፈቃድ ምን እንደሆነ፣ አገልግሎት በምን ቅደም ተከተል እንደሚነሳ በእውነት የምትረዱት በዚህ ፍለጋ ነው።

ሁለት ልማዶችንም ከመጀመሪያው ቀን ያዙ። በተራ ተጠቃሚነት ሥሩ፤ የአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያሻውን ትእዛዝ ብቻ በሱዶ ፈጽሙ። የሚሰርዝ ትእዛዝ ከመስጠታችሁ በፊትም በየትኛው ማሽን ላይ እንዳላችሁ ስሙን ጠይቁት።

ነገ የሌላ ሰው ውጤት፣ ደመወዝ ወይም የሕክምና መዝገብ በእጃችሁ ይገባል። ማፍረስን የሚጎዳ ሰው በሌለበት በገዛ ላፕቶፓችሁ ላይ ተለማመዱት።