ጤና ወይስ እንጀራ? የመዝጋትን ዋጋ ማን ይከፍላል?

በኅዳር 2018 ዓ.ም. በጂንካ የማርበርግ ቫይረስ መከሰቱ ይፋ በሆነ ማግስት፣ በመሥሪያ ቤታችን አብረን ቡና የምንጠጣ ባልደረቦች መጀመሪያ የተጠያየቅነው ስለ በሽታው ምልክት አልነበረም። «ደግሞ ሊዘጋ ይሆን?» ነበር ያልነው። ማርበርግ የሚተላለፈው ከታመመ ሰው የሰውነት ፈሳሽ ጋር በሚደረግ ንክኪ በመሆኑ ዋናው መከላከያው ንክኪ ያላቸውን ፈልጎ መለየት ነው እንጂ ከተማ መዝጋት አይደለም። ጥያቄውን የወለደው የ2012 ዓ.ም. ትዝታ ነው። ክርክሩም ወዲያው ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን «ከሰው ሕይወት የሚበልጥ ምን አለ?» ሲል፣ ሌላው «ሰው ከበሽታ ተርፎ በረሃብ ይለቅ ወይ?» አለ።

እኔ በሙያዬ የኢኮኖሚ ባለሙያ ነኝ። በ2012 ዓ.ም. «ይዘጋ» ከሚሉት ወገን ነበርኩ። ዛሬ ግን ጥያቄው ራሱ ተሳስቶ የተጠየቀ ይመስለኛል። ምክንያቱን በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

አንድ ቤት፣ ሁለት ስጋት

እንደሚታወሰው በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። መጋቢት 30 ቀን ደግሞ የአምስት ወራት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፣ የፊት ጭንብል ግዴታ ሆነ፣ የሕዝብ ትራንስፖርት በግማሽ እንዲጭን ታዘዘ። ሆኖም እንደ አውሮፓና እንደ ህንድ «ከቤት አትውጡ» የሚል አጠቃላይ ትዕዛዝ አልወጣም።

ያን ጊዜ እናቴ ከእኔ ጋር ትኖር ነበር። ዕድሜዋ ከ70 ያለፈ የስኳር ሕመምተኛ ናት። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ የሚኒባስ ታክሲ ሹፌር ነው። መኪናው የሰው ስለሆነ በየቀኑ ለባለንብረቱ ገቢ ያስገባል፤ የሚተርፈው ለእሱና ለረዳቱ ነው። እኔ ላፕቶፔን ይዤ ቤቴ ተቀመጥኩ፤ ደመወዜም በወሩ መጨረሻ ሳይጓደል ገባ። እሱ በየቀኑ ከመቶ ሰው ያላነሰ እየጫነ ማታ እናታችንን ሊያይ ይመጣል።

«ለእናታችን ስትል ለጥቂት ጊዜ ሥራ ብታቆም ምን አለበት?» አልኩት አንድ ቀን።

«ወንድም ዓለም፣ አንተ ቤት ስትቀመጥ ደመወዝህ አብሮህ ይገባል። እኔ ቤት ከተቀመጥኩ ልጆቼ ምን ይብሉ?» አለኝ።

የምመልሰው አልነበረኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድሜ ግቢ መግባቱን ተወ። ለአምስት ወራት እናቱን ያናገራት በር ላይ ቆሞ ነው።

ኢኮኖሚውን የጎዳው መዝጋቱ ነው ወይስ በሽታው?

«ይከፈት» የሚሉ ወገኖች ክርክራቸው በአንድ ግምት ላይ ቆሟል፤ ይኸውም መንግሥት ባይዘጋ ኖሮ ሥራው እንደወትሮው ይቀጥል ነበር የሚለው ነው። ማስረጃው ግን ይህን ብዙም አይደግፍም።

በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው «የኅዳር በሽታ» ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ማቃጠላችንም ከዚያ ጋር ተያይዞ ይነገራል። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በዚያን ጊዜዋ ትንሽ ከተማ እስከ 10 ሺህ የሚገመት ሰው ሞተ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ በጽኑ ታመው ተረፉ። የሚቀብር ሰው እስኪጠፋ ድረስ ሥራ ቆመ። በሽታ ሲያይል ገበያ በገዛ እጁ ይዘጋል ማለት ነው።

በእኛው ዘመንም የታየው ተመሳሳይ ነው። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኦስታን ጉልስቢና ቻድ ሲቨርሰን እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካውያንን የስልክ እንቅስቃሴ መረጃ መርምረው ነበር። ወደ ሱቆችና ወደ አገልግሎት መስጫዎች የሚደረገው ጉዞ በ60 በመቶ ሲቀንስ፣ የመንግሥት ክልከላ ድርሻ 7 በመቶ ነጥብ ያህል ብቻ ሆኖ አገኙት። የቀረው ሰው በራሱ ፈርቶ የቀረው ነው። ዴንማርክ ስትዘጋ ጎረቤቷ ስዊድን በአብዛኛው ክፍት ሆና ቆየች፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሸማቾች ወጪ በዴንማርክ 29 በመቶ፣ በስዊድን ደግሞ 25 በመቶ ቀነሰ። ልዩነቱ አራት ነጥብ ነው። በዚያው ዓመት በስዊድን ከሕዝቧ ብዛት አንጻር የሞተው ሰው ከዴንማርክ፣ ከኖርዌይና ከፊንላንድ በብዙ ይበልጥ ነበር።

ስለዚህ በሚዛኑ አንድ ወገን ሕይወት፣ በሌላው ወገን ገንዘብ ተቀምጧል ማለት ትክክል አይደለም። በሽታውን መቆጣጠር ራሱ ኢኮኖሚን የመጠበቂያ መንገድ ነው።

ሁሉም አገር አንድ አይደለም

ይህን ያህል ብቻ ብል ግን በ2012 ዓ.ም. ወደነበርኩበት አቋም በተመለስኩ። ሌላም ገጽ አለው።

ህንድ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2020 መጨረሻ ላይ 1.3 ቢሊዮን ሕዝቧን የዘጋችው የአራት ሰዓት ማስጠንቀቂያ ብቻ ሰጥታ ነው። በየከተማው በቀን ሥራ የሚተዳደሩ ሚሊዮኖች ገቢያቸውም መጠለያቸውም በአንድ ሌሊት ተቋረጠ። ትራንስፖርትም ስለቆመ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በእግራቸው ወደ ትውልድ ቀያቸው ተጓዙ። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ በነበረው ሩብ ዓመት የአገሪቱ ምርት ከቀደመው ዓመት ተመሳሳይ ወቅት ጋር ሲነጻጸር ወደ 24 በመቶ ገደማ ወደቀ። በሽታውም ከተጓዦቹ ጋር ወደ ገጠር ተዛመተ።

የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዛካሪ ባርኔት-ሃውልና አህመድ ሙሽፊቅ ሞባራክ ያኔውኑ ድሃ አገሮች የአውሮፓን መመሪያ እንዳለ መቅዳት እንደሌለባቸው ተከራክረው ነበር። ሦስት ምክንያቶች አሏቸው። አንደኛ፣ የእነዚህ አገሮች ሕዝብ በአብዛኛው ወጣት ነው፤ ኮሮና ደግሞ ከሁሉ ይልቅ አረጋውያንን ይገድላል። ሁለተኛ፣ የመዝጋት አንዱ ጥቅም የታማሚው ቁጥር ከጽኑ ሕሙማን አልጋ በላይ እንዳይሆን ማድረግ ነው፤ መጀመሪያውኑ አልጋው ጥቂት ከሆነ ጥቅሙም ያንሳል። ሦስተኛ፣ የዕለት ጉርሱን በዕለቱ የሚያገኝ ሰው ቤቱ ተቀመጥ ስለተባለ አይቀመጥም።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የዚህ ዓይነት ስሌት የሚሠራው «የስታቲስቲክስ ሕይወት ዋጋ» በሚባል መለኪያ ነው። ለምሳሌ አንድ ሺህ ሰዎች ከሺህ አንድ የሆነን የሞት አደጋ ለማስቀረት እያንዳንዳቸው 10 ሺህ ዶላር ለመክፈል ቢፈቅዱ፣ የአንድ ሕይወት ዋጋ 10 ሚሊዮን ዶላር ነው ይባላል። በአሜሪካ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚሠራበት ቁጥር በዚህ አካባቢ ነው። ድሃ ሰው ግን ይህን ያህል የሚከፍለው የለውም፤ ስለዚህ በስሌቱ ውስጥ ሕይወቱ ይረክሳል። መለኪያው የሚነግረን የሰዎችን አቅም ነው እንጂ የሰውን ክብር አይደለም። አማራጮችን ለማነጻጸር ይጠቅማል፤ ማን ይሙት ለማለት ግን አይሆንም።

በጤናው ወገን ያለው ሌላው ኪሳራ

በምዕራብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2016 ኢቦላ ከ11 ሺህ በላይ ሰዎችን ገደለ። ከጊዜ በኋላ የተደረገ ጥናት እንደሚገምተው፣ በክፉኛ በተጎዱት ሦስት አገሮች ሰው ከጤና ተቋማት በመራቁና አገልግሎት በመቋረጡ በወባ፣ በኤችአይቪና በሳንባ ነቀርሳ ተጨማሪ ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች ሞተዋል። ሁለተኛው ሞት ከመጀመሪያው ጋር የሚስተካከል ነበር ማለት ይቻላል።

ይህን ጥናት በ2012 ዓ.ም. አንብቤው ነበር። ማንበብና ማስተዋል ግን ለየቅል ናቸው። እናቴን የስኳር ክትትሏን ያቋረጥኳት እኔው ነኝ። «በሽታው ያለው ሆስፒታል ነው» አልኩ። ወንድሜ መኪናውን አጥቦ በራሱ ሊወስዳት ሲጠይቀኝ እምቢ አልኩ። መድኃኒቷን ከፋርማሲ እየገዛሁ አመጣላት ስለነበር የጎደለ ነገር ያለ አልመሰለኝም። በነሐሴ ወር እግሯ ላይ ትንሽ ቁስል መኖሩን ያየነው ዘግይተን ነው። ሁለት ጣቶቿ ተቆረጡ። ኮሮና አልያዛትም። የጤና ሚኒስቴር በየዕለቱ ይፋ ባደረገው ቁጥር ውስጥ የእናቴ ጣቶች የሉም።

እኔ በቤቴ ያልቻልኩትን አገሪቱ በአንድ ጉዳይ ችላዋለች። በዚያው ክረምት መግቢያ፣ ወረርሽኙ እየተስፋፋ ሳለ፣ የጥንቃቄ እርምጃ እየተወሰደ ወደ 15 ሚሊዮን የሚጠጉ ሕጻናት የኩፍኝ ክትባት እንዲያገኙ ተደርጓል። ዘመቻው ቢሰረዝ ኖሮ ማንም ባልተቸ ነበር። አለመሰረዙ ግን የብዙ ሕጻናትን ሕይወት ሳያድን አልቀረም።

ዋጋውን ማን ከፈለው?

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ጥያቄ ይህ ነው። ታክሲውን እንውሰድ። 12 ሰው የሚጭነው ሚኒባስ 6 እንዲጭን ታዘዘ፤ ታሪፉ ደግሞ እጥፍ ሆነ። በወረቀት ላይ ባለንብረቱም ሹፌሩም አልከሰሩም፤ ስድስት በሁለት ሲባዛ አሥራ ሁለት ነው። የከፈለው ተሳፋሪው ነው። ተሳፋሪው ደግሞ እንደ እኔ ቤቱ የተቀመጠው ሠራተኛ ሳይሆን መኪና የሌለው፣ ከቤት መሥራት የማይችለው የጉልበት ሠራተኛ፣ ጽዳት ሠራተኛ፣ የጉሊት ነጋዴ ነው። እርምጃው ለጤና ተገቢ ነበር ብዬ አምናለሁ። ሂሳቡ ግን ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሰው ተላከ።

መንግሥት ምንም አላደረገም ማለት አይደለም። ብሔራዊ ባንክ ለግል ባንኮች 15 ቢሊዮን ብር አቀረበ፤ እስከ 2007 ዓ.ም. ድረስ የተከማቸ ውዝፍ የግብር ዕዳ ተሰረዘ፤ በአዋጁ ዘመን ተከራይን ማስወጣትና ኪራይ መጨመር ተከለከለ። ነገር ግን የባንክ ብድርና የግብር ምሕረት የሚደርሰው የንግድ ፈቃድና የግብር መለያ ቁጥር ላለው ነው። የታክሲ ረዳትና የጉሊት ነጋዴ በዚያ መዝገብ ውስጥ የሉም። ለእነሱ የደረሰው በአብዛኛው «ማዕድ ማጋራት» ማለትም የጎረቤት ደግነት ነበር።

ከሁሉ የከበደውን ሂሳብ የከፈሉት ግን ልጆች ይመስሉኛል። ወደ 26 ሚሊዮን የሚጠጉ ተማሪዎች ከመጋቢት እስከ ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ድረስ ከትምህርት ገበታ ራቁ። ኡጋንዳ ደግሞ ትምህርት ቤቶቿን ሙሉ በሙሉ የከፈተችው ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ነው። የእኔ ልጆች በቴሌግራም የቤት ሥራ ይላክላቸው ነበር። የወንድሜ ልጆች ግን አባታቸው ማታ እስኪገባ ስልክ አልነበራቸውም።

ለሚቀጥለው ጊዜ

ወረርሽኝ ዳግም መምጣቱ አይቀርም። ያን ጊዜ «ይዘጋ ወይስ ይከፈት?» ከማለታችን በፊት አራት ጥያቄዎች ብናነሣ መልካም ነው እላለሁ።

አንደኛ፣ የትኛው እርምጃ በትንሽ ዋጋ ብዙ ይጠብቃል? ጭንብል ማድረግና ትልልቅ ድግሶችን ማስቀረት ርካሽ ናቸው፤ ትምህርት ቤት መዝጋት እጅግ ውድ ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤት መጨረሻ የሚዘጋ፣ መጀመሪያ የሚከፈት መሆን አለበት።

ሁለተኛ፣ በመዝጋት በተገዛው ጊዜ ምን ይሠራበታል? መዝጋት በሽታውን አይፈውስም፤ ጊዜ ብቻ ይገዛል። ሚሊኒየም አዳራሽ የሕክምና ማዕከል የሆነው፣ የምርመራ አቅም የሰፋው በዚያ በተገዛ ጊዜ ነው። ካልተሠራበት ጊዜው በከንቱ የወጣ ገንዘብ ነው።

ሦስተኛ፣ ለሌሎች ሕመምተኞች በሩ ክፍት ነው ወይ? የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የወሊድና የክትባት አገልግሎት የት እንደሚሰጥ ከመዝጋቱ አዋጅ ጋር አብሮ መነገር አለበት።

አራተኛ፣ ሂሳቡ ለማን ነው የሚላከው? የሚከፍለው በዕለት ገቢ የሚኖረው ሰው ከሆነ፣ ካሳው በባንክ ብድር ሳይሆን በቀጥታ እጁ በሚደርስ ገንዘብ መሆን ይገባዋል። ለዚህ ደግሞ በሰላሙ ጊዜ መዝገቡን ማዘጋጀት ያስፈልጋል።

በአገራችን በኮሮና መሞታቸው በምርመራ ተረጋግጦ የተመዘገቡት ከ7 ሺህ 500 በላይ ናቸው። ሳይመረመሩ የሞቱት በዚህ ውስጥ የሉም። የጠፋው ትምህርትና የተዘለለው ክትትልም የለም። ውሳኔ ስንወስን የምናየው የሚቆጠረውን ብቻ ከሆነ፣ ያልተቆጠረውን ማንም አይጠይቅልንም።

እናቴ ዛሬም አለች። በየሦስት ወሩ ክትትሏ ቀን ወንድሜ በማለዳ መጥቶ ይወስዳታል። የዚያን ዕለት ተሳፋሪ የሚጭነው እሷን ካደረሰ በኋላ ነው። እኔን ፈቃድ አይጠይቀኝም።

ቸር ወሬ ያሰማን።