ጎመን በጤና፤ ከአትክልት ስለሚሰናዳ የቡና ቁርስ

«ጎመን በጤና» የሚለውን ተረት በሀገራችን ከሽማግሌ እስከ ሕፃን የማያውቀው የለም። ነገር ግን ይህን ተረት የምንጠቅሰው ብዙውን ጊዜ ጮማው ሲታጣ ለመጽናኛ ነው እንጂ ጎመኑን ወደነው አይደለም። በዛሬው ንግግራችን ጎመኑም ሆነ ካሮቱ፥ ቀይ ሥሩም ሆነ ስኳር ድንቹ፥ በሥርዓት ከደረቀና ከተቆላ እንደ ገብስ ቆሎ በጥርስ ሥር የሚንኮሻኮሽ የቡና ቁርስ ሊሆን እንደሚችል ለአንባቢያችን ልናስረዳ እንወዳለን። ጉዳዩም የምላስን ደስታ ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ በአንድ በኩል የልጆቻችንን ጤና፥ በሌላ በኩል የገበሬውን ድካም የሚነካ ነው።

ምክንያቱን ለማስረዳት አንባቢያችንን እስከ ቆቦ ይዘን መሄድ ይገባናል። ከወልድያ ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው፥ በስተምዕራብ ከፍተኛውን ደጋ፥ በስተምሥራቅ የዞብልን ተራሮች ተንተርሶ የተዘረጋውን የራያን ሜዳ ያገኛል። የቆቦ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ በ1,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ስትሆን፥ ፀሐይዋ ብርቱ፥ ዝናቧ የማይታመን ነው። የአካባቢው ገበሬ ማሽላና ጤፉን የሚያበቅለው ከደጋው የሚወርደውን ጎርፍ ወደ እርሻው እየጠለፈ መሆኑ ከጥንት የታወቀ ነው። ኋላም በቆቦ ጊራና ሸለቆ ከመሬት በታች ያለው ውሃ በጉድጓድ እየተሳበ ለመስኖ መዋል ከጀመረ ወዲህ፥ በዚያው ሜዳ ሽንኩርት፥ ቲማቲምና ቃሪያ በብዛት ይመረት ጀመር።

ችግሩ የሚጀምረው እንግዲህ ከዚህ ላይ ነው። አትክልት እንደ ማሽላ በጎተራ ተቀምጦ ገዢ አይጠብቅም። የሁሉም ገበሬ ምርት በአንድ ወቅት ሲደርስ ዋጋው ይወድቃል፤ ያልተሸጠውም በእርሻው ላይና በገበያው ዳር ይበሰብሳል። ጥቂት ወራት ቆይቶ ደግሞ በዚያው ከተማ የምትኖር እመቤት አትክልቱን በውድ ዋጋ ትሸምታለች፤ ወይም ትታው ለልጇ የምሳ ዕቃ ብስኩትና ከረሜላ ታዘጋጃለች። ትርፍ ሲኖር የሚጣለው፥ ሲጠፋ የሚናፈቀው አንድ ነገር መሆኑን አንባቢያችን ልብ ይበሉ።

ልጅ አትክልት ሳይቀምስ ቢያድግ የሚደርስበት ጉዳት ቀላል አይደለም። ለምሳሌ ያህል፥ በምሽት ዐይንን የሚጋርደው ዳፍንት የሚመጣው ቪታሚን ኤ ከሰውነት ሲጎድል ነው። ይህ ቪታሚን ሰውነታችን ካሮቲን ከሚባል ንጥረ ነገር የሚሠራው ሲሆን፥ ካሮቲንም በካሮት፥ በዱባ፥ ውስጡ ብርቱካናማ በሆነ ስኳር ድንችና በጎመን ቅጠል ውስጥ ይገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲመገብ የሚመክረውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ታዲያ ለዚህ መፍትሔው ከባሕር ማዶ የሚመጣ ጥበብ ነውን? አይደለም። በርበሬን በፀሐይ አድርቃ፥ ሥጋን ቋንጣ፥ እንጀራን ድርቆሽ አድርጋ ለክፉ ቀን የምታኖር የሀገራችን እመቤት ዋናውን ምሥጢር ከጥንት ታውቀዋለች። ምሥጢሩም ውሃን ማስወጣት ነው። በ100 ግራም ካሮት ውስጥ 88 ግራም ያህል፥ በ100 ግራም ቲማቲም ውስጥ 94 ግራም ያህል ውሃ ይገኛል። ምግብን የሚያበሰብሱት ረቂቅ ሕዋሳት ያለ ውሃ ሊራቡ ስለማይችሉ፥ ውሃው ሲወጣ ብልሽቱም ይቆማል።

መንኮሻኮሹም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ጥሬ ካሮት ሲነከስ የሚጮኸው በውስጡ ያለው ውሃ የሕዋሳቱን ግድግዳ ወጥሮ ስለያዘው ነው። ውሃው በከፊል ሲወጣ ካሮቱ ይለሰልስና እንደ ጎማ ይሆናል። ውሃው ፈጽሞ ሊያልቅ ሲደርስ ግን ግድግዳው እንደ መስተዋት ይደርቅና ሲነከስ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ስለዚህ አትክልት አድርቀው «አልሆነልኝም» የሚሉ ሰዎች ስሕተታቸው ከመንገድ መመለሳቸው ነው፤ ከጎማው ደረጃ ደርሰው ያቆማሉ።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ ካሮቱን፥ ቀይ ሥሩን ወይም ስኳር ድንቹን በንጹሕ ውሃ አጥቦ መላጥ፤ ከዚያም በሁለት ሚሊ ሜትር ውፍረት፥ ማለት የአንድ ብር ሳንቲም በሚያህል ስስ ቁራጭ መቁረጥ ነው። ሁሉም እኩል መሆን አለበት፤ አንዱ ወፍራም አንዱ ስስ ከሆነ ስሱ ሲያር ወፍራሙ እርጥብ ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛ፥ ቁራጩን በፈላ ውሃ ውስጥ ለሦስት ደቂቃ ያህል ነክሮ ወዲያው ወደ ቀዝቃዛ ውሃ ማዛወር ይገባል። ይህም ቀለሙንና ጣዕሙን የሚለውጡትን ኢንዛይሞች ያቆማል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ፥ በቆቦ ደግሞ በ95 ገደማ ስለሆነ፥ የደጋ ሰው አንድ ደቂቃ ቢጨምር መልካም ነው። ከዚያም ውሃውን አጥልሎ በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ ነው።

ሦስተኛ፥ ለአንድ ኪሎ አትክልት ከሩብ የሻይ ማንኪያ ያልበለጠ ጨው መነስነስ ይበቃል። ውሃው ሲተን ጨው አብሮ አይተንም፤ አንድ ኪሎ ካሮት ደርቆ 130 ግራም ያህል ብቻ ስለሚሆን፥ በእርጥቡ ላይ ጥቂት የመሰለው ጨው በደረቁ ላይ ብዙ ሆኖ ይገኛል።

አራተኛ፥ በሰፌድ ላይ ሳይደራረብ አስጥቶ፥ ዝንብና አቧራ እንዳይነካው በስስ ነጠላ ሸፍኖ፥ ከመሬት ከፍ ባለና ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ማኖር ነው። ነጠላው ሌላም ጥቅም አለው፤ ቀጥተኛ የፀሐይ ብርሃን ካሮቲንን ስለሚያጠፋ፥ ሙቀቱ እንጂ ብርሃኑ እንዳይደርስበት ይከላከላል። ማታ ጤዛ እንዳያርሰው ወደ ቤት ማስገባት ያስፈልጋል። በቆቦ በጋ ሁለት ቀን ሊበቃ ይችላል፤ በደጋ አገር ግን ጊዜው ይረዝማል።

አምስተኛና የመጨረሻው፥ ቡና እንደሚቆላ ሳይሆን እንደ ለዘብተኛ ቆሎ፥ በረመጥ ወይም በደካማ እሳት ላይ በተጣደ ምጣድ እያማሰሉ ማሞቅ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጠብ ቢደረግበት ጣዕሙም ያምራል፥ ሰውነትም ካሮቲኑን በቀላሉ ይቀበለዋል። ከምጣዱ እንደ ወጣ ለስላሳ ቢመስል አይደንግጡ፤ የሚንኮሻኮሸው ሲቀዘቅዝ ነው።

ጎመን ግን ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልገውም። ወፍራም አገዳው ተለይቶ ቅጠሉ ብቻ በደንብ ታጥቦ፥ ውሃው ፈጽሞ ደርቆ፥ በጥቂት ዘይት ታሽቶ በደካማ ምጣድ ላይ ሳይደራረብ ቢዘረጋ፥ ሩብ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ እንደ ወረቀት ይደርቃል። ትንሽ ሚጥሚጣ ለወደደ የጾም መክሰስ ይሆናል። ዱባ ሲከተፍ የሚጣለውን ፍሬም አጥቦ መቁላት ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው። ቲማቲም ግን ስኳርና አሲድ ስለሚበዛበት ቢደርቅም ተለጣፊ ሆኖ ይቀራል፤ እርሱ ለወጥ እንጂ ለቡና ቁርስ አይሆንም።

ስለ አቀማመጡ አንድ ቃል እንጨምር። ይህን የሚናገረው ሰው በመጀመሪያ ሙከራው ገና ያልቀዘቀዘውን ካሮት በጠርሙስ ከድኖ፥ በሳምንቱ ሻጋታ አግኝቷል። ትኩስ ነገር በተከደነ ዕቃ ውስጥ ያልባል፤ ላቡም ሻጋታን ይጠራል። ስለዚህ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ በደረቅ ጠርሙስ አድርጎ፥ አጥብቆ ከድኖ፥ ከብርሃን በራቀ ቦታ ማኖር ነው። ቢለሰልስ ወደ ምጣዱ መመለስ ይቻላል፤ የሻገተው ግን መጣል እንጂ ተጠርጎ አይበላም።

ከሱቅ የሚገዛው የድንች ጥብስስ ምን ይጎድለዋል የሚል ቢኖር፥ ከክብደቱ ሲሶ የሚሆነው ዘይት መሆኑን እናስታውሰዋለን። ከዚህም በላይ በ1994 ዓ.ም. የስዊድን ተመራማሪዎች ድንችና የመሳሰለው ስታርች ያለው ምግብ በብርቱ ሙቀት ሲጠበስ አክሪላማይድ የሚባል ጎጂ ነገር እንደሚፈጠርበት አስታውቀዋል። ስለሆነም በቤትም ቢሆን ስኳር ድንች ወርቃማ እስኪሆን እንጂ ቡናማ እስኪሆን መቁላት አይገባም።

ሆኖም ከመጠን በላይ ማመስገን አይገባንም። በማፍላትና በማድረቅ ቪታሚን ሲ በብዛት ስለሚጠፋ፥ ደረቁ አትክልት እርጥቡን ሊተካ አይችልም፤ እርጥቡ በሚገኝበት ጊዜ እርጥቡን መብላት ይሻላል። ለሕፃናትም ደረቅ ቁራጭ ጉሮሮ ሊያንቅ ስለሚችል፥ ወቅጦ በገንፎ ወይም በሽሮ ውስጥ መጨመር ይሻላል። እንዲሁም አንድ ቤተሰብ የሚያደርቀው አምስት ኪሎ ካሮት የወደቀውን የገበያ ዋጋ ያነሣል ብለን ተስፋ አንሰጥም። የገበሬው ችግር መጋዘንና መንገድ፥ ፋብሪካና የታወቀ ገዢ የሚሻ ነው። ነገር ግን አትክልት በርካሽ ጊዜው ተገዝቶ ሊቀመጥ እንደሚችል ያወቀ ቤት በተበራከተ መጠን፥ የሚበሰብሰው እያነሰ መሄዱ የማይቀር ነው።

አንባቢያችን በመንግሥት ሥራ ምክንያት ወደ ቆላ አገር ተመድበው ከሆነ፥ በቀትር ከቢሮ ሲወጡ ፀሐዩን ሳያማርሩ እንደማይቀሩ እንገምታለን። ከእንግዲህ ግን ከማማረራቸው በፊት አንድ ሰፌድ ካሮት ያስጡበት። ያ የሚያቃጥላቸው ፀሐይ ያለ ማገዶና ያለ ኤሌክትሪክ ሒሳብ የቤታቸውን ሥራ ሲሠራ ይውላል፤ በክረምት አትክልቱ በተወደደ ጊዜም፥ ቡና ሲፈላ፥ ልጆቻቸው ከጠርሙሱ እየዘገኑ ሲያንኮሻኩሹ ይሰማሉ። ያን ጊዜ «ጎመን በጤና» የሚለው ተረት የማጣት መጽናኛ መሆኑ ይቀርና፥ ወደው የሚናገሩት ቃል ይሆናል።