አሮጌውን ሽንት ቤት በራስ እጅ ስለ ማደስ

የቤት ንጽሕና በወጥ ቤትና በመኝታ ብቻ አያበቃም፤ ከጓሮ ያለውም ሽንት ቤት የቤቱ አካል ነው። ብዙ ሰው ጉድጓድ ቆፍሮ፣ እንጨት ረብርቦ፣ ጭቃ መርጎ ሽንት ቤት ከሠራ በኋላ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ነገር ግን ሁለት ሦስት ክረምት ሲያልፍበት እንጨቱን ምስጥ ይበላዋል፣ ጭቃው ይረጥባል፣ ወለሉም ይጎደጉዳል። ያን ጊዜ ሕፃናቱ መግባት ይፈራሉ። እናትም «ልጄ ይወድቅብኛል» ብላ ከደጅ ታስቀምጠዋለች። ታዲያ ሽንት ቤቱ ቆሞ ሳለ ጓሮው እንደ ገና ይቆሽሻል ማለት ነው።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምንገልጽላችሁ አዲስ ጉድጓድ ስለ መቆፈር አይደለም፤ ለአሮጌው ሽንት ቤት በውኃ የሚታጠብ ወለል እንዴት እንደሚበጅለት ነው። የከተማ ሰዎች የመታጠቢያ ቤታቸውን ወለል ሴራሚክ ወይም ማቶኔላ ያነጥፉበታል። ይህም ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ለስላሳ ወለል እርጥበት አይመጥም፣ እድፍም አይደብቅም። በገጠር ቤት ይህንኑ ጥቅም ባለሙያዎች ስላብ የሚሉት አንድ ትንሽ የሲሚንቶ ሰሌዳ ይሰጣል።

ወለሉ ለምን ያሳስበናል?

ከሰው ዓይነ ምድር ጋር የሚወጣው የመንጠቆ ትል እንቁላል እርጥብና ጥላ በሆነ አፈር ላይ ሲወድቅ ይፈለፈላል። ትሉ ጥቂት ቀን ካደገ በኋላ በባዶ እግሩ የቆመውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ደቃቅ ስለ ሆነም በዓይን አይታይም። ኋላም በአንጀት ውስጥ ተጣብቆ ደም ይመጥጣል። ነፍሰ ጡር እናትና ሕፃን ደም የሚያንሳቸው አንዳንድ ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው። የወስፋት እንቁላል ደግሞ በአፈር ውስጥ ብዙ ወራት፣ አልፎ አልፎም ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። በጭቃ የተጫወተ ልጅ እጁን ሳይታጠብ ወደ አፉ ሲያደርስ ይውጠዋል። በለስላሳ ሲሚንቶ ላይ ግን ትሉ የሚያድግበት አፈር አያገኝም፤ የወደቀውም እድፍ ወዲያው ታይቶ ይታጠባል።

የትራኮማም ነገር እንዲሁ ነው። ኢትዮጵያ ትራኮማ እጅግ ከጠናባቸው የዓለም አገሮች አንዷ ናት። ይህን በሽታ ከዓይን ወደ ዓይን የምታደርሰው ዝንብ እንቁላሏን በተለይ የምትጥለው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ላይ ነው። «የሕፃን ነገር ምን ጉዳት አለው?» እየተባለ ከጓሮ የሚጣለው ሁሉ ለዚህች ዝንብ መራቢያ ይሆናል። እንግዲህ ልጁ ሳይፈራ የሚቆምበትን ወለል መሥራት ዓይኑን መጠበቅ ነው።

አስቀድሞ መመርመር

ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ወለሉን ከደጅ ሆናችሁ በረጅም እንጨት እየወጋችሁ ፈትሹት። የበሰበሰ እንጨት ላይ ማንም አይቁም። በጉድጓዱ ውስጥ ያለው ነገር ከአፉ በታች ግማሽ ሜትር ያህል ብቻ ቀርቶት ከሆነ፣ ወይም የጉድጓዱ ግድግዳ ተንዶ ከሆነ፣ እርሱን ማደስ ድካም ብቻ ነው፤ በአፈር ደፍናችሁ ሌላ ቆፍሩ። ከውኃ ጉድጓድ ወይም ከምንጭ ከ30 ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ያለም ሽንት ቤት ቦታው ይለወጥ። ምንም ነገር ቢወድቅ ወደ አሮጌ ጉድጓድ ሰው እንዳይገባ፤ በውስጡ ያለው መጥፎ አየር ይገድላል።

ስላቡን ስለ መሥራት

አሮጌውን ወለል ለማፍረስ አትቸኩሉ። ስላቡ በደጅ ተሠርቶ ከጠነከረ በኋላ ይፈርሳል፤ ያለዚያ ቤተ ሰቡ ሳምንት ሙሉ ያለ ሽንት ቤት ይቀራል። ይህ ትንሽ ስላብ ሳንፕላት ይባላል። በ1979 እ.ኤ.አ. ቢዮርን ብራንድበርግ በሞዛምቢክ ያወጣው ሲሆን፣ ከዚያ ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ተዛምቷል።

ለአንድ ስላብ፣ አንድ ሊትር በሚይዝ ጣሳ እየተሰፈረ፣ 4 ጣሳ ሲሚንቶ፣ 8 ጣሳ አሸዋ፣ 12 ጣሳ ደቃቅ ጠጠርና 3 ሊትር ያህል ውኃ ይበቃል። ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር የሆነ ብረትም ያስፈልጋል። 50 ኪሎ የሚመዝን አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ለስድስት ቤት ስለሚበቃ ጎረቤት ገንዘብ አዋጥቶ በደቦ ቢሠራው ወጪው ይቀላል። አሸዋው ጭቃ ካለበት አስቀድሞ ይታጠብ፤ ጭቃ ሲሚንቶው አጥብቆ እንዳይዝ ያደርጋል።

1ኛ/ በደልዳላ መሬት ላይ ላስቲክ አንጥፉ። በላዩም ከአራት ጣውላ 60 ሳንቲ ሜትር በ60 ሳንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ግጠሙ፤ የጣውላው ከፍታ 6 ሳንቲ ሜትር ይሁን።

2ኛ/ ለቀዳዳው ከእንጨት ወይም ከጠንካራ ጭቃ ርዝመቱ 30፣ ወርዱ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቅርጽ አብጁና በላስቲክ ጠቅልላችሁ መሐል አስቀምጡ። ወርዱ ከዚህ አይብለጥ፤ ሕፃን የማያሾልክ መሆን አለበት። ቅርጹ ከላይ ሰፋ፣ ከታች ጠበብ ይበል፤ ኋላ ክዳኑ ወደ ውስጥ እንዳይወድቅ ነው።

3ኛ/ አሸዋውንና ሲሚንቶውን አንድ መልክ እስኪሆን በደረቁ አዋሕዱ፤ ጠጠሩን ጨምሩ፤ ከዚያ ውኃውን ጥቂት በጥቂት አፍስሱ። ቡኮው እንደ አጥሚት ከቀጠነ ውኃው በዝቷል ማለት ነው። ያቦካ ሰው እጁን ቶሎ በብዙ ውኃ ይታጠብ፤ እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ ያቃጥላል። ልጆችም አይንኩት።

4ኛ/ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ካፈሰሳችሁ በኋላ በቀዳዳው ዙሪያ በአራቱም ጎን አንዳንድ ብረት አጋድሙ፤ ጫፋቸው ከስላቡ ጠርዝ አይውጣ። ከዚያ የቀረውን ሞልታችሁ በእንጨት ጠቅጥቁት።

5ኛ/ ላዩን በካዙላ አስተካክሉ። ዳር ዳሩ 6፣ ቀዳዳው አጠገብ 5 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ውኃው ሁሉ ወደ ቀዳዳው እንዲወርድ ነው። በግራና በቀኝ የእግር መርገጫ ጥቂት ከፍ አድርጉ። መጨረሻ ላይ ደረቅ ሲሚንቶ ነስንሳችሁ ላዩን አለስልሱት፤ ግንበኞች ሊሾ የሚሉት ይህ ነው።

6ኛ/ በማግስቱ ቅርጹን አውጡና ቀዳዳውን በላስቲክ ሸፍናችሁ ያንኑ ዓይነት ቡኮ ሙሉበት፤ እጀታ እንዲሆነውም ሽቦ ቀልብሳችሁ ትከሉበት። በልክ የሚገጥም ክዳን ይወጣላችኋል። ከዚያ ሁሉንም በእርጥብ ጆንያ ሸፍናችሁ 7 ቀን ጧትና ማታ ውኃ አጠጡት። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ከውኃ ጋር ሲዋሐድ እንጂ ፀሐይ ሲያደርቀው አይደለም፤ ያልጠጣ ስላብ ይሰነጠቃል።

ስላቡን ስለ መትከል

በስምንተኛው ቀን ስላቡን በሁለት አጫጭር ግንዶች ላይ ከመሬት ጥቂት ከፍ አድርጋችሁ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ይቁሙበት። ካልተሰነጠቀ ደኅና ነው። ከዚያ በአሮጌው ቀዳዳ ዙሪያ ያለውን ጭቃ አንሡ፤ የበሰበሱትን ርብራብ እንጨቶች በጠንካራ እንጨት ለውጡ። ሠራተኛው በጉድጓዱ ላይ በተጋደመ ወፍራም ጣውላ ላይ ይቁም፤ ሌላ ሰውም ከአጠገቡ አይለይ። ከስላቡ ሥር የሚቀረው ክፍት ቦታ 40 በ40 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ስላቡ በየጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር በእንጨቱ ላይ ያርፋል። በጠርዙ ዙሪያ ዝንብ የምትሾልክበት ክፍተት እንዳይኖር ሲሚንቶ በተቀላቀለበት ጭቃ ድፈኑት። የቀረውን ወለል ጭድ በገባበት ጭቃ መርጋችሁ ከስላቡ ጋር አስተካክሉ። እበት ግን አትለቅልቁበት፤ ዝንብ ይጠራል።

የእጅ መታጠቢያ

ከሽንት ቤቱ በር አጠገብ 5 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን በእንጨት ላይ አንጠልጥሉ፤ ከአፉ በታች በሚስማር ብሱት። ከአንገቱ ላይ ገመድ አስራችሁ ታች ካለ እንጨት ጋር አያይዙት። እንጨቱ በእግር ሲረገጥ ጀሪካኑ ዘንበል ብሎ ውኃ ያወርዳል፤ ያደፈ እጅም ጀሪካኑን አይነካውም። ሳሙና፣ ሳሙና ከጠፋም አመድ አይለየው። የፈሰሰውን ውኃ በቦይ ወደ ጌሾው ወይም ወደ ጎመኑ ምሩት፤ ወደ ጉድጓዱ ከገባ ግን ጉድጓዱን ቶሎ ይሞላዋል፣ ግድግዳውንም ይንደዋል።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው የየቀኑ ሥራ ጥቂት ነው። ጧት ጧት ስላቡን በትንሽ ውኃና በመጥረጊያ እጠቡት፤ በተጠቀማችሁ ቁጥር ክደኑት፤ የሕፃኑን ዓይነ ምድር እዚያው ጨምሩ። ይህን የእናት ሥራ ብቻ አታድርጉት፤ አባትም ይጥረግ፣ ልጆችም ውኃ ያቅርቡ። ሥራው በሚገባ መሠራቱን ለማወቅ ከፈለጋችሁ ትንሹን ልጅ ተመልከቱት፤ እናቱን ሳይጠራ ገብቶ፣ ክዳኑን መልሶ፣ እጁን ታጥቦ ከወጣ ወለሉ ተሠርቷል።